ደብዳቤው ከጎርፉ በኋላ እንዳይደርስ

ጥያቄ፦ «በአንድ ክልል የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር መሥሪያ ቤት የምላሽ አስተባባሪ ሆኜ በቅርቡ ተመድቤያለሁ። የተረከብኩት ወፍራም የዝግጁነት ዕቅድ፣ አንድ መጋዘንና የወረዳዎች የስልክ ዝርዝር ነው። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ሲመጣ ዕቅዱን የገለጠው ሰው እንዳልነበረ ነግረውኛል። ማስተባበር ሲባል በተግባር ምን መሥራት ነው? ክረምት ሳይገባስ ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

እርስዎ ከሚያስተባብሩት ነገር አብዛኛው የእርስዎ ቤት ንብረት አይደለም፤ ከዚህ እንነሣ። ሐኪሙና መድኃኒቱ የጤና ቢሮ ነው፣ ቦቴው የውሃ ቢሮ፣ የከብት ክትባቱ የግብርና፣ ዶዘሩ የመንገድ። እህሉም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ከፌዴራሉ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ድልድል ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ፖሊሲና ስትራቴጂ ሥራውን ያከፋፈለው በዘርፍ ነው፦ የሰው ወረርሽኝ ሲነሣ ጤና ይመራል፣ የእንስሳት በሽታ ወይም አንበጣ ሲመጣ ግብርና፣ ጎርፍ ሲሆን የውሃው ዘርፍ። የእርስዎ ቤት ድርሻ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቁጥርና በአንድ ሰዓት እንዲንቀሳቀሱ ማድረግ ነው። ይህ ደግሞ በትእዛዝ አይሆንም። የትኛው ምልክት ሲታይ ማን ምን ያህል ይዞ እንደሚወጣ በበጋው ተነጋግሮ መፈራረምን ይጠይቃል። ያ ካልተደረገ በአደጋው ሳምንት የሚባክነው ጊዜ ከጭቃው መንገድ ይልቅ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ደብዳቤ እስኪመራ የሚያልፈው ነው።

ወፍራሙን ዕቅድ አይጣሉት፤ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ያንብቡት። «ከሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት አስፈላጊው ድጋፍ ይደረጋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ባገኙ ቁጥር ያስምሩበትና ከጎኑ ማን (በኃላፊነት ቦታና በስልክ ቁጥር)፣ ምን ያህል፣ ከየት ተነሥቶ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ የሚለውን ይጻፉ። «ጀልባ ይቀርባል» ይላል እንበል። ጀልባው የማን ነው? ሞተሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተነሣው መቼ ነው? የሚነዳው ሰው ሐምሌ ላይ ፈቃድ ይወጣል? ነዳጁ የሚቀዳው በማን ፊርማ ነው? መልስ የሌለውን መስመር ይሰርዙት። ዕቅዱ በዚህ ወንፊት ሲያልፍ ጥቂት ገጽ ብቻ ሊተርፈው ይችላል፤ አይደንግጡ፣ የሚጠቅመው የተረፈው ነው።

በምትኩ ለእያንዳንዱ ተጋላጭ ወረዳ አንድ ገጽ ያዘጋጁ። የሚጥለቀለቁት ወይም የሚናዱት ቀበሌዎች በስም፣ በየቀበሌው ያለው የሰው ብዛት፣ ሕዝቡ የሚወጣበት ከፍታ፣ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ እና መንገዱ የሚቆረጥበት ቦታ ይስፈሩበት። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ድልድዩ ወይም መሻገሪያው በየዓመቱ የሚቆረጥ ከሆነ ሸራውና ብርድ ልብሱ መቀመጥ ያለበት ከወንዙ ማዶ፣ ከተጎጂው ሕዝብ ወገን ነው። ዞን ከተማ ላይ የተከማቸ ሸራ መንገድ ከተዘጋ የለም ማለት ነው።

የቀን መቁጠሪያውንም ይመልከቱ፤ ብዙዎች የማያስተውሉት ወጥመድ አለበት። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 ይከፈታል። ዋናው የጎርፍና የመሬት መንሸራተት ወቅት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ስለዚህ የነዳጅ ውሉ፣ የመኪና ኪራዩና የውሎ አበል በጀቱ የሚያበቁት ወንዙ መሙላት በሚጀምርበት ሰሞን ነው፤ ፋይናንስ ሒሳብ እየዘጋ ነው፣ አዲሱ በጀት ገና አልወረደም፣ ግዥ ክፍሉ ቆጠራ ላይ ነው። የትራንስፖርትና የነዳጅ ውልዎ እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ ሆኖ ግንቦት ላይ መፈረም አለበት። ከዓመቱ በጀት የተረፈውም ግንቦት ሳያልቅ ወደ ዕቃ ይቀየር፦ ሸራ፣ ጀሪካን፣ ክሎሪን፣ የጫነ መኪና ከጭቃ የሚያወጣ ሰንሰለትና ገመድ። ከዚያ በተጨማሪ በሐምሌ ወር መጠባበቂያው እንዴት እንደሚከፈት፣ የቢሮ ኃላፊው ከሌሉ የማን ፊርማ እንደሚበቃ ከፋይናንስ ቢሮ ጋር አስቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ጎርፉን አያቆምም።

ጎርፍን በሚመለከት ከራስዎ ሰማይ ይልቅ የላይኛውን ተፋሰስ ይጠብቁ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት ድሬዳዋን የመታውና ከ200 በላይ ሰው የገደለው የደቻቱ ጎርፍ ውሃው የመጣው ከከተማው በላይ ካለው የሐረርጌ ደጋ ነበር። በደረቀ አሸዋ ወንዝ ዳር ተኝቶ ላለ ሰው የራሱ ሰማይ ምንም አይነግረውም፤ የሚያድነው ከደጋው ቀበሌ የሚመጣ ስልክ ነው። ዋቢ ሸበሌም ጎዴ ላይ ፀሐይ እያለ ሊሞላ ይችላል፤ ውሃው ከባሌ፣ ከአርሲና ከሐረርጌ ተራሮች ተጉዞ ነው የሚደርሰው። ከቆቃ በታች ባለው አዋሽ ዳር የሚኖር ሰው ደግሞ ከዝናቡ እኩል ማወቅ ያለበት ከግድቡ መቼ ምን ያህል ውሃ እንደሚለቀቅ ነው። ፎገራ ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ጣናም ከፍ ብሎ ይጠብቃቸዋል፤ ውሃው ቶሎ የማይሸሸው ለዚህ ነው። ወንዝ የክልል ወሰን አያውቅም፤ በዝርዝርዎ ውስጥ የጎረቤት ክልል የላይኛው ወረዳ ስልክ ከሌለ ዝርዝሩ ጎዶሎ ነው።

የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅትም፣ የወርም፣ የአሥር ቀንም ትንበያ ያወጣል። ስህተቱ ሁሉንም እንደ አንድ ዓይነት መረጃ ቆጥሮ ለወረዳዎች «ለጥንቃቄ» ብሎ በደብዳቤ መሸኘት ነው። እያንዳንዱ ለሌላ ውሳኔ ነው የሚያገለግለው። የወቅቱ ትንበያ ግዥና ክምችት ያስወስናል፤ የአሥር ቀኑ ዕቃና ሰው ወደ ወረዳ ማስጠጋትን። የላይኛው ቀበሌ ስልክና የወንዙ ከፍታ ሕዝብ ማስወጣትን ያስወስናሉ። ለዚህኛው ቀላሉ መሣሪያ ቀለም ነው። በድልድዩ ምሰሶ ወይም በወንዙ ዳር ባለ ቋጥኝ ላይ ያለፈው ጎርፍ የደረሰበትን ከፍታ ከሽማግሌዎች ጠይቀው፣ ከሱ በታች ቢጫና ቀይ መስመር ያስቀቡ። ውሃው ቢጫው ላይ ሲደርስ ከብት፣ አቅመ ደካማና ሕፃናት ይወጣሉ፤ ቀዩ ላይ ሲደርስ ሁሉም ይወጣል። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት ሰው ከፍታው ላይ ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያህል መሆን አለበት፤ ይህን የሚያውቁት ውሃው በሰዓት ስንት ክንድ እንደሚጨምር የሚያስታውሱ ነዋሪዎች ናቸው።

ማውጣቱን የሚወስነው ቀበሌው ይሁን፤ ፈቃድ አይጠይቅ። በከንቱ ሕዝብ አስወጣ ተብሎ የተወቀሰ ሊቀመንበር በሚቀጥለው ጊዜ «እስቲ ትንሽ እንይ» ይላል። አንድ ሌሊት በከንቱ ኮረብታ ላይ ማደር ርካሽ ነው።

አደጋው ከደረሰ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት የሚሠራው ጎረቤት ነው። የክልሉ ሥራ ከኋላው ያለውን ሰንሰለት ማንቀሳቀስ ነው። አንድ ክፍል ይከፈት፤ ግድግዳው ላይ ትልቅ ሰሌዳ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስልክ። አንደኛው ስልክ ከወረዳ ጥሪ ለመቀበል ብቻ ይቀመጥ፣ ማንም አይደውልበት። የገባው መልእክት ሁሉ ከነሰዓቱ በመዝገብ ይጻፍ። ፈረቃው 12 ሰዓት ይሁን፤ ተረካቢው የመዝገቡን የመጨረሻ ገጽ ሳያነብ አስረካቢው አይሂድ። ወረዳው የመጀመሪያውን ሪፖርት ጎዶሎም ቢሆን በሁለት ሰዓት ውስጥ ይላክ፣ ከዚያ በቀን ሁለት ጊዜ ያሻሽል። ሙሉ መረጃ እስኪሰበሰብ የሚጠብቅ ወረዳ በሦስተኛው ቀን ያማረ ሰንጠረዥ ይልካል፤ ያኔ ሰንጠረዡ የሚጠቅመው ለታሪክ ነው።

የሪፖርት ስህተቶቹ የታወቁ ናቸው። አንደኛው «ተጎጂ»፣ «ተፈናቃይ» እና «ተረጂ» መቀላቀላቸው ነው። ሰብሉ በጎርፍ የተወሰደበት 6,000 ሰው፣ ከእነሱ ውስጥ ቤቱን ጥሎ የወጣ 1,500፣ የምግብ እርዳታ የሚሻ 4,000 ቢሆን ጠቅላላው 6,000 ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ተደምሮ 11,500 ሆኖ ይመጣል። ሌላው እማወራና አባወራን ከሰው ቁጥር ጋር ማምታታት ነው፤ 800 ቤተሰብ በአማካይ አምስት አምስት ሆኖ 4,000 ሰው ነው። ከአጋር ድርጅቶች ጋር ደግሞ ኩንታልና ሜትሪክ ቶን ይጣላሉ፤ የአሥር እጥፍ ልዩነት ነው። ሰዓቱም አለ፦ «ጀልባው በ2 ሰዓት ይነሣል» የሚለውን አንዱ ጠዋት ሲረዳው ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ያደርገዋል። ቀኑም እንደዚያው። ሁሉም መልእክት «ከጠዋቱ»፣ «ከሌሊቱ» የሚል ቃልና ዓ.ም. ይኑረው፤ ተራ ነገር ይመስላል እንጂ መኪና ባዶ ሜዳ ላይ የሚያቆም ስህተት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 10,000 ሰው ለአንድ ወር መመገብ አለብዎት እንበል። በአገራችን የተለመደው የዕለት ደራሽ ምጣኔ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። ስለዚህ 1,500 ኩንታል እህል፣ 150 ኩንታል ጥራጥሬ፣ 45 ኩንታል ዘይት፤ በድምሩ 1,695 ኩንታል። ባለ 400 ኩንታል ተሳቢ አራት ጭኖ ጥቂት ይተርፈዋል፤ አምስተኛ ያስፈልጋል። ግን ተሳቢው በክረምት ከአስፋልቱ አይወርድም። ከወረዳ ከተማ ወደ ቀበሌ የሚያደርሰው 100 ኩንታል የሚጭን መኪና ከሆነ 17 ምልልስ ነው። ሁለት መኪና ካለዎትና መንገዱ በቀን አንድ ምልልስ ብቻ ከፈቀደ ዘጠኝ ቀን ይፈጃል፤ ያውም ዝናብ ካላቆመው። መዘግየቱ የሚወለደው እዚህ ነው። የክልሉ ሪፖርት «እህሉ ወረዳ ደርሷል» ይላል፣ ሰው ግን አልበላም። የትራንስፖርት ዕቅድዎ ሁለተኛውን ጉዞ ለብቻው ያስላ፤ ጫኝና አውራጁን፣ ማራገፊያ መጋዘኑንና የማደሪያ ጥበቃውን ጨምሮ።

ውሃው ከምግቡ ይቀድማል። ዓለም አቀፉ ዝቅተኛ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው፤ ለ10,000 ሰው 150,000 ሊትር፣ ማለትም 10,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ በየቀኑ 15 ምልልስ። ምንጩ 40 ኪሎ ሜትር ቢርቅና መንገዱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ባያስነዳ ደርሶ መልሱ ብቻ አራት ሰዓት ነው፤ መሙላቱና ማራገፉ ሲጨመር አንድ ቦቴ በቀን ከሁለት ጊዜ በላይ አይመላለስም። ስምንት ቦቴና አንድ ተጠባባቂ ይፈለጋል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የሚረሳው ፓምፑ ነው። ፓምፑ በሰከንድ አምስት ሊትር የሚያወጣ ከሆነ 150,000 ሊትር ለመቅዳት ያለማቋረጥ ከስምንት ሰዓት በላይ ይሠራል። ቦቴ ቢጨምሩ ሰልፉ ይረዝማል እንጂ ውሃው አይጨምርም። መጀመሪያ የጄኔሬተሩን ነዳጅና ሁለተኛ ፓምፕ ያሟሉ፤ ከዚያ ነው ቦቴ የሚጠየቀው። ማራገፊያው ቦታ ላይ ሮቶ ከሌለ ደግሞ ቦቴው ሰው በጀሪካን እስኪቀዳ ቆሞ ይውላል፣ የሁለቱ ምልልስ ስሌትም ይፈርሳል። ለ10,000 ሰው 40 ቧንቧ ይበቃል፤ አንዱ ለ250 ሰው ነው።

መጸዳጃ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለ50 ሰው አንድ፣ ሲረጋጋ ለ20 ሰው አንድ። ከውሃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከመጠለያው ከ50 ሜትር አይበልጥ፤ ከራቀ በሌሊት ሴቶችና ሕፃናት አይሄዱበትም፣ ሜዳው ይበከላል፣ ከዚያ ኮሌራ ነው። በቧንቧው አፍ ላይ የሚለካው ቀሪ ክሎሪን በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ሊሆን ይገባል። ባለሙያው የሚለካው ክሎሪን ከተጨመረ ከ30 ደቂቃ በኋላ ነው። የደፈረሰ ውሃ ክሎሪኑን ስለሚበላው መጠኑን በግምት መጨመር አያዋጣም፤ መጀመሪያ ይዝቀጥ፣ ቀጥሎ ይለካ።

መጠለያ ሲመርጡ ትምህርት ቤት የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ነሐሴ ላይ የገባ ተፈናቃይ መስከረም ላይ ከተማሪ ጋር ይጋጫል፤ ወላጅ ይቆጣል፣ ተፈናቃዩ በችኮላ ይነሣል፣ የሚሄድበትም የለም። የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ባዶ መጋዘንና የወጣት ማዕከል ከአሁኑ ይቆጠሩ። ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ ቦታ ሲያስሉ 20 በ10 ሜትር የሆነ መጋዘን 57 ሰው ነው የሚይዘው፤ 300 አይደለም።

የመሬት መንሸራተት ለብቻው ይታይ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ሰው ያለቀው በአንድ ናዳ ብቻ አይደለም፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የተሰበሰቡ ነበሩ። ሰው ወገኑን ለማውጣት መሮጡን ማንም አይከለክለውም፤ ስለዚህ ደንቡ ከክረምት በፊት በቀበሌ ስብሰባ ይነገር። ቁልቁለቱን ከጎን ሆነው የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ፊሽካ ይዘው ይቆማሉ። ቆፋሪው በጥቂት ቡድን በየተራ ይገባል፤ ሌላው ሕዝብ ከናዳው መንገድ ውጪ ይቆያል። ዝናብ ከቀጠለ ቁፋሮው ይቆማል። ከናዳው በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ዶዘርም ሰውም አይወጣም። ቀደም ብለው የሚታዩት ምልክቶች የመሬት ስንጥቅ፣ ያዘመመ ዛፍና አጥር፣ በድንገት የደፈረሰ ወይም ባልነበረበት የፈለቀ ምንጭ፣ የማይገጥም በርና መስኮት ናቸው። ይህን የሚያየው ገበሬው ነው፤ ለልማት ሠራተኛው የሚነግርበትን፣ ልማት ሠራተኛውም ለማን እንደሚያስተላልፍ ይወሰን።

ድርቅ ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። ጎርፍ ሰዓት ያሳጣል፤ ድርቅ ወራት ሰጥቶ ያዘናጋል። የእርዳታ ፍላጎትን የሚለካው የበልግ ጥናት ሰኔ አካባቢ፣ የመኸር ጥናት ኅዳር አካባቢ ይካሄዳል፤ ከጥናት እስከ ድልድል፣ ከድልድል እስከ ቀበሌ ያለውን ጊዜ ቆጥረው ካዩት፣ ጥናቱን ብቻ ጠብቆ የተነሣ ክልል ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። በመሃል በየሳምንቱ የሚታዩ ነገሮች አሉ። በአርብቶ አደር አካባቢ አንድ ፍየል ተሸጦ ስንት ኪሎ በቆሎ እንደሚገዛ ይመዝገቡ፤ ቁጥሩ ለተከታታይ ሳምንታት ከወረደ ሰው ከብቱን በግድ እየሸጠ ነው። የውሃ ነጥብ ደርሶ መልስ ሰዓት፣ ካለወትሮው ወቅትና አቅጣጫ የተነሣ የመንጋ እንቅስቃሴ፣ ከትምህርት ቤት የቀሩ ልጆች ቁጥር ይጨመርበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከ6 እስከ 59 ወር ያሉ ሕፃናትን ክንድ ዙሪያ ትለካለች፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከባድ፣ ከዚያ እስከ 12.5 መካከለኛ ነው። የክንድ ልኬቱ ግን ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ነው፤ ሕፃኑ ከከሳ በኋላ «ቅድመ ማስጠንቀቂያ» ማለት ቃሉን ማላገጥ ነው።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የዝናብ ወቅቶቹ፣ በቦረና ገናና ሀገያ፣ በሶማሌ ክልል ጉና ደይር፣ ለአምስት ተከታታይ ወቅት ሲከሽፉ የታየው ትልቁ ትምህርት የከብቱ ነው። ከብት ተሸጦ ጥሪት የሚተርፈው እየተራመደ ገበያ መድረስ በሚችልበት ጊዜ ነው። ከከሳ በኋላ ነጋዴ አይጠጋም፤ የሚቀረው በቦታው አርዶ ሥጋውን ማደል ብቻ ነው። መኖ የማጓጓዝ ውሳኔም ሁለተኛው ዝናብ መቅረቱ እንደታወቀ ይወሰን እንጂ ሬሳ መቁጠር ሲጀመር አይሁን። እናት እንስሳትን ብቻ ለይቶ መመገብ ሁሉንም በጥቂት መኖ ከማንከራተት ይሻላል፤ አርብቶ አደሩም የሚመርጠው ይህንኑ ነው።

በጥያቄና በድልድል መካከል የቆየ በሽታ አለ። ወረዳው ይቆረጥብኛል ብሎ ይጨምራል፤ ዞኑ ጨምሯል ብሎ ይቆርጣል፤ ክልሉ እንደገና ይቆርጣል። መጨረሻ ላይ የሚጸድቀውን ቁጥር ማንም አያምንበትም፤ እውነቱን የጻፈው ወረዳ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ይጎዳል። ይህን የሚሰብረው ጥያቄው ከነምንጩ እንዲመጣ ማስገደድ ነው፦ በቀበሌ ተከፋፍሎ፣ የጠፋው ሰብል በሔክታር፣ የሞተው እንስሳ በዓይነት፣ የክንድ ልኬት ውጤት። ከዚያ ቡድንዎ ከእያንዳንዱ ወረዳ ሁለት ቀበሌ በዕጣ መርጦ ሳያሳውቅ ያረጋግጥ። የሁለቱ ቀበሌ ቁጥር በቦታው ከተገኘው ጋር ከተጣጣመ የወረዳው ጥያቄ ሳይሸራረፍ ይለፍ። ከተጣጣመም በኋላ ከቆረጡ ግን ጨዋታው ይመለሳል።

መዝገቡ ላይ ሁለት ነገር ይጠብቁ። የሴፍቲኔት ተጠቃሚ የሚከፈለው ለተወሰኑ ወራት ስለሆነ ክፍያው ካለቀ በኋላ በዕለት ደራሽ መዝገብ መግባቱ ነውር አይደለም፤ በዚያው ወር ከሁለቱም መውሰዱ ነው ችግሩ። ስለዚህ ሁለቱ ዝርዝሮች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይነጻጸሩ። ሁለተኛው መካፈል ነው። ለ10,000 ሰው የተፈቀደውን ቀበሌው ለ14,000 ቢያከፋፍል ድርሻው ከ15 ወደ 10.7 ኪሎ ይወርዳል። በቀበሌው በኩል ካየነው ጎረቤት እየራበው ለብቻ መብላት ነውር ነው፤ በክፋት የሚደረግ አይደለም። በቁጣ ደብዳቤም አይቆምም። የሚቀንሰው ዝርዝሩ ከስርጭቱ በፊት በሕዝብ ፊት ተነቦ፣ ቅሬታ ሰሚው ከአከፋፋዩ የተለየ ሰው ሲሆን ነው። የስርጭቱ ቀን ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሌላ ጣጣ ያመጣል፦ አምስት ሰው ያለው ቤተሰብ ድርሻው 75 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ተኩል ከረጢት ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን አጣምረው አሥር ሰው ካደረጉ ሦስት ከረጢት ይደርሳቸዋል፣ እኩል ይካፈላሉ፤ ከረጢት መቅደድ ይቀንሳል፣ ሰልፉም ይፈጥናል። ሚዛን ግን በቦታው ይኑር። በጣሳ የተለካ እህል ጠብ ያመጣል።

መጋዘኑን ባጭሩ። ክልሎች የራሳቸውን መጠባበቂያ እንዲይዙ አቅጣጫ ከተያዘ ወዲህ ብዙ እህል ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥበት ሁኔታ መጥቷል፤ ስለዚህ ነቀዝና እርጥበት የአስተባባሪው ጉዳይ ሆነዋል። በቆሎ ከ13 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ አይግባ። ድርድሩ ከወለል በርብራብ ይነሣ፣ ከግድግዳ አንድ ሜትር ይራቅ፣ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ። ገቢው በሞዴል 19፣ ወጪው በሞዴል 22፣ ቢን ካርዱ (የክምችት መከታተያ ካርዱ) በየዕለቱ ይሞላ። በአደጋ ጊዜ «በኋላ እንሞላዋለን» ተብሎ የወጣ ዕቃ በኋላ አይሞላም፤ ኦዲቱ ሲመጣ የሚጠየቀውም መጋዘን ጠባቂው ነው። አስቀድሞ ቁጥር የተሰጠው ጥራዝ ለመስክ ቡድኑ ቢሰጥ መኪናው ላይ ቆሞም ይሞላል።

ስብሰባን በሚመለከት፦ ፖለቲካዊ ውሳኔ የሚሻውን ወደ ክልሉ ምክር ቤት ያቅርቡ፤ ሌላው በዘርፍ ባለሙያዎች ይቋጭ። ከአጋር ድርጅቶች ጋር የሚኖረው ሳምንታዊ ስብሰባ አንድ ሰንጠረዥ ይዞ ይጀምር፦ በየትኛው ቀበሌ ማን ምን እያቀረበ ነው፣ እስከ መቼ። ከመንገድ ዳር ያለው ቀበሌ አራት ድርጅት ሲኖረው ከተራራው ጀርባ ያለው ባዶ መሆኑ ያኔ ፈጥጦ ይታያል፤ ሌላው ሪፖርት በኢሜይል ይበቃል።

ከየት ልጀምር ላሉት፣ በተረከቡት የስልክ ዝርዝር ይጀምሩ። አንድ ማታ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ ሁሉንም ይደውሉ። ያነሣውን፣ ያላነሣውን፣ «እኔ ከዚያ ቦታ ከተዛወርኩ ቆየሁ» ያለውን ይለዩ። ባልሠራው ቁጥር ፋንታ ጠዋት አዲስ ያስገቡ፤ ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሰው፣ አንደኛው ከቢሮ ሠራተኛ ውጪ የሆነ፣ ኔትወርክ በሚገኝበት ከፍታ ላይ የሚኖር ይሁን። ኔትወርክ ጭራሽ የሌለበት ቀበሌ ካለ መልእክቱን ይዞ የሚሮጠው ልጅ ማን እንደሆነና እስከ ቅርቡ ስልክ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ይጻፉ። በአሥራ አምስት ቀኑ እንደገና ይደውሉ፤ ያኔ ዝርዝሩ ካልተበላሸ ወደ ነዳጅ ውሉ ይለፉ።